ለምግብ ቧንቧ ኢንዶስኮፒ የትኛው ሰመመን ይመረጥ? በሰሜን ሸዋ ላሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

በምግብ ቧንቧ ላይ የሚደረግ የኢንዶስኮፒ ሕክምና፣ ደረት ሳይከፈት፣ ካሜራ የተገጠመለት ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ በኩል ገብቶ የሚከናወን ነው። ከውጭ የሚታይ ቁስል ስለማይኖር ብዙ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ያየዋል፤ ስለ ሐኪሙ ሥራ ከሆነም ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የሚዘነጋው ግን ኢንዶስኮፑ የሚገባበትና ትንፋሽ የሚያልፍበት በር አንድ መሆኑ ነው። በእጅ ወይም በእግር ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የሰመመን ባለሙያው የታካሚውን አፍና አፍንጫ ለብቻው ይዞ ይጠብቃል። እዚህ ግን ያንኑ መተላለፊያ ከኢንዶስኮፒ ሐኪሙ ጋር ይጋራል፤ ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቷል፤ ክፍሉም የካሜራው ምስል በደንብ እንዲታይ ሲባል ብዙ ጊዜ ይጨልማል። በዚህ ምክንያት ከሰመመን ጋር የሚያያዙት ከባድ ችግሮች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም፣ ሲደርሱ አብዛኞቹ የትንፋሽ ችግሮች ሆነው ይገኛሉ፤ የኦክስጅን መውረድ፣ የአየር መተላለፊያ መዘጋት፣ ከምግብ ቧንቧ ወይም ከጨጓራ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባ መግባትና የማንቁርት መኮማተር ዋነኞቹ ናቸው።

ታካሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሡት ልመና «ሙሉ ሰመመን ይቅርበትና ቀለል ያለው ይሰጠው» የሚል ነው። ሰመመን በጠለቀ ቁጥር አደጋው ይበዛል ከሚል እምነት የሚመነጭ ሲሆን፣ ለብዙ ሕክምናዎችም እውነትነት አለው። በምግብ ቧንቧ ላይ ግን ከመድኃኒቱ ጥልቀት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ በምግብ ቧንቧውና በጨጓራው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ያም ነገር ወደ ላይ ቢመለስ የአየር ቧንቧውን ማን እንደሚጠብቀው ነው። የምግብ ቧንቧው ባዶ ለሆነ ሰው ትንሹ መድኃኒት ይመረጣል፤ ምግብ፣ ደም ወይም ምራቅ ለተጠራቀመበት ሰው ግን ብዙዎች የሚፈሩት ሙሉ ሰመመን ከሁሉም የተሻለ መጠበቂያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ታካሚው በደንብ አንቀላፍቶ የትንፋሽ ቱቦ ግን ያልገባለት ሁኔታ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱን የሚያስታርቅ ይመስላል። በእኔ ግምት ለማይገባው ታካሚ ከተሰጠ ከምርጫዎቹ ሁሉ አደገኛው እርሱ ነው።

ከፍታው የሚጨምረው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጣርማ በርና መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆኑ፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። የአገሩ ሰው ሰውነት ለምዶታልና በጤናው ቀን ምንም አይሰማውም። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በእኩል ፍጥነት አይወርድም፤ እስከ 90 በመቶ አካባቢ ድረስ በዝግታ ይቀንስና ከዚያ በኋላ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው መንገድ ድንገት ቁልቁል ይሆናል። ደጋ ላይ የተኛ ታካሚ ከመነሻው ወደዚህ አፋፍ የቀረበ በመሆኑ፣ በመድኃኒት ምክንያት ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ቢቆም ኦክስጅኑ የሚወርድበት ጊዜ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ካለ ሰው ያጠረ ነው።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ በጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የታካሚው መነሻ ቁጥር መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ተለክቶ መመዝገብ ያለበት መሆኑ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲገኝ የሰመመኑ ውጤት ይሁን የታካሚው የዘወትር መጠን መለየት የሚቻለው መነሻው ከታወቀ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም የሚያስተኛ መድኃኒት ከሚሰጥበት ደቂቃ በፊት ኦክስጅን በአፍንጫ መጀመር እንዳለበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ኦክስጅን የተሰጠው ታካሚ ትንፋሹ እየደከመ ቢሄድም በጣቱ ላይ ያለው ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው። የሚተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ የትንፋሽን መቆም ወዲያውኑ ያሳያል፤ የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ለከፊልና ለጥልቅ እንቅልፍ ጭምር በመሠረታዊ መስፈርቱ ውስጥ አካትቶታል። መሣሪያው በሌለበት ክፍል ሌላ ሥራ ያልተሰጠው፣ የታካሚውን ደረት ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው መኖር አለበት።

ምርጫዎቹ

የመጀመሪያው ጉሮሮን በሊዶኬይን ርጭት ብቻ አደንዝዞ፣ ታካሚው ሙሉ በሙሉ ነቅቶ የሚደረገው ነው። ለማየት ብቻ ወይም ትንሽ ናሙና ለመውሰድ ጥቂት ደቂቃዎች ለሚበቁት ምርመራ፣ የሚመረመረውም ሰው የተረጋጋ አዋቂ ከሆነ፣ እኔ በቅድሚያ የምመክረው ይህን ነው። ታካሚው ራሱ ይተነፍሳል፤ ምራቁን ራሱ ያስወግዳል፤ ሲያመውም በእጁ ምልክት ይሰጣል። ማቅለሽለሹ ደስ አይልም፤ የልብ ምትና የደም ግፊትም ለጊዜው ይጨምራሉ፤ ልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። ርጭቱም ቢሆን መድኃኒት መሆኑ መረሳት የለበትም። የ10 በመቶው ሊዶኬይን በአንድ ጊዜ ሲረጭ 10 ሚሊግራም ያወጣል፤ ጥንቃቄ የተሞላበት ወሰን በአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ጊዜ ሲረጭበት ወሰኑ ላይ ይደርሳል። በከንፈር ዙሪያ መደንዘዝ፣ ጆሮ ላይ ጩኸት ወይም በምላስ ላይ የብረት ጣዕም ከተሰማ መርጨቱ ወዲያውኑ ይቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላልና። የደነዘዘ ጉሮሮ ትንታን መከላከል ስለማይችል፣ ከምርመራው በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ውኃም ቢሆን አይጠጣም።

ሁለተኛው ከፊል ሰመመን ነው። በደም ሥር ሚዳዞላም ወይም ዲያዜፓም፣ አንዳንዴም ከፈንታኒል ወይም ከፔቲዲን ጋር ይሰጣል። ታካሚው ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ ሲጠሩት ግን ይመልሳል። ሚዛኑ ያለው በዚህ «ይመልሳል» በሚለው ላይ ነው፤ ሲጠሩት የማይመልስ ታካሚ ወደ ሦስተኛው ምርጫ ተሻግሯል፣ ክፍሉ ግን ለሦስተኛው አልተዘጋጀም። ብዙ ችግር የሚፈጠረው በዚህ ሳይታሰብ በሚሆን መሻገር ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ትንፋሽን የሚያዳክሙት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያደርጉት ድምር በላይ ስለሆነ፣ መጠኑ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍሎ፣ በየመካከሉም ጥቂት ደቂቃ እየተጠበቀ መሰጠት አለበት። ዕድሜያቸው ለገፋ አባቶችና እናቶች መጠኑ በግማሽ ያህል ይቀነሳል። የዚህ ምርጫ ትልቁ መልካም ጎን ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው፤ ለሚዳዞላምና ለዲያዜፓም ፍሉማዜኒል፣ ለፈንታኒልና ለፔቲዲን ደግሞ ናሎክሶን አለ። ይሁንና የማርከሻዎቹ ኃይል ከመድኃኒቶቹ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፤ ነቅቶ የተነጋገረ ታካሚ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ሊያንቀላፋ ስለሚችል፣ ማርከሻ የተሰጠው ሰው «ተሻለው» ተብሎ ፈጥኖ አይሸኝም።

እዚህ ላይ ስለ አረቄ መናገር የግድ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚጠጣ ሰው በተለመደው መጠን አያንቀላፋም፤ አንዳንዱም ከማንቀላፋት ይልቅ ይነጫነጫል፣ ኢንዶስኮፑን በእጁ ይጎትታል። ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ መጠኑን እየጨመረ ይሄድና፣ ሕክምናው አልቆ የሚያነቃቃው ነገር ሲወገድ ታካሚው በጥልቀት ይተኛል። በቤተ ዘመድ ፊት ይህን መናገር የሚያሳፍር ከሆነ ብቻ ለብቻ መንገር ይቻላል፤ ጫት ለሚቅምም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛው ጥልቅ እንቅልፍ ያለ ትንፋሽ ቱቦ ነው። ፕሮፖፎል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያስተኛል፣ ሲቆምም በጥቂት ደቂቃዎች ያስነሣል፤ ታካሚው ምንም አያስታውስም፣ ሐኪሙም በእርጋታ ይሠራል። ስለዚህ ሁሉም ይወደዋል። ነገር ግን ማርከሻ የለውም፣ የደም ግፊትን ይጥላል፣ ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላል። ይህን መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ከኢንዶስኮፒ ሐኪሙ የተለየ፣ የትንፋሽ ቱቦ ማስገባት የሚችል የሰመመን ባለሙያ መሆን አለበት። ኬታሚን በአገራችን ሆስፒታሎች የቆየ ባለውለታ ነው፤ ትንፋሽን ብዙ አይጎዳም፣ የደም ግፊትንም ይደግፋል፣ በዋጋም ርካሽ ነው። ለምግብ ቧንቧ ሥራ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ምራቅን ያበዛል፤ የማንቁርትን ንቃትም እንዳለ ይተወዋል። በምራቅ በተሞላ ጉሮሮ ላይ ኢንዶስኮፕ ሲያልፍ ማንቁርት ድንገት ተኮማትሮ አየር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ምራቅ የሚቀንሰው አትሮፒን አስቀድሞ ይሰጣል፣ የመምጠጫው ማሽንም በእጅ ይያዛል። ኬታሚን ስለተሰጠ «የትንታ መከላከያው ሥራ ላይ ነው» ብሎ ሆዱ ሙሉ የሆነን ሰው ማስተኛት ግን እንዲቀር የምመክረው ልማድ ነው።

አራተኛው ሙሉ ሰመመን ሲሆን፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለው ቱቦ ይገባል። ፊኛው የአየር ቧንቧውን ከዙሪያው ስለሚዘጋው ከላይ የሚወርደው ደም ወይም ምግብ ወደ ሳንባ የሚያልፍበት ዕድል እጅግ ይቀንሳል፤ ትንፋሹንም ማሽኑ ይወስድለታል። ጉዳቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ቱቦውን ማስገባት የሚያስቸግርበት ሰው አለ፤ የተነቃነቀ ጥርስ ሊወልቅ ይችላል፤ ሲያስተኙት የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኢንዶስኮፑ ወደ ውጭ ሲወጣ ቱቦውን አብሮ ሊጎትተው ይችላል። በኋላ ለአንድና ለሁለት ቀን ጉሮሮ ይከረክራል። በዚያ ላይ ማሽን፣ ባለሙያና የማገገሚያ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ለሁሉም ይሰጥ ለማለት አይቻልም። ለየትኞቹ እንደሚገባ መለየት ነው ዋናው ነገር።

ሕክምናው ራሱ ምርጫውን ሲወስን

አካላዚያ የሚባለው ሕመም ጉዳዩን ከሁሉም በላይ ግልጽ ያደርገዋል። በዚህ ሕመም የምግብ ቧንቧው የታችኛው በር ሲውጡ መላላት ስለሚሳነው ምግብ ወደ ጨጓራ ሳይገባ ከበሩ በላይ ይከማቻል፤ ቧንቧውም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ከረጢት ይመስላል። ከትናንት በስቲያ የተበላ እንጀራ በውስጡ ሊገኝ ይችላል። ሌላ ሰው ጠንካራ ምግብ ከበላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ከጠጣ ደግሞ 2 ሰዓት ከቆየ ይበቃዋል፤ ለአካላዚያ ታካሚ ግን ይህ ሰዓት አይሠራም። ከሕክምናው በፊት ቢያንስ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ፈሳሽ ብቻ እንዲወስድ ይደረጋል፤ ጥርጣሬ ካለም ቧንቧው አስቀድሞ በቱቦ ይታጠባል። በማስተኛት ጊዜ ራሱ ከፍ ተደርጎ፣ መጀመሪያ ኦክስጅን በጭምብል ለ3 ደቂቃ ያህል ተሰጥቶት፣ መድኃኒቶቹ በተከታታይ ፈጥነው ገብተው፣ ቱቦው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ታካሚ በሦስተኛው ምርጫ ማስተኛት፣ የተከማቸው ምግብ ወደ ሳንባ እንዲፈስ በር መክፈት ነው። በሌሊት እያሳለው የሚነቃ፣ ትራሱ ላይ የበላው ምግብ የሚገኝበት፣ ውኃ ካልጨመረ የማይወርድለት ሰው ካለ፣ ሕመሙ ገና ስም ባይሰጠውም ይህን ለሰመመን ባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

ለአካላዚያ ከሚሰጡት ሕክምናዎች መካከልም ልዩነት አለ። ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር የሚሰፋ ባሉን በሩ ላይ ነፍቶ ጡንቻውን መለጠጥ አጭር ሥራ ሲሆን፣ የሚፈራው የምግብ ቧንቧው መቀደድ ነው፤ ይህም ከመቶ ታካሚዎች በ2ቱ ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሃሩሂሮ ኢኖዌ በእ.ኤ.አ. 2008 በሰው ላይ የጀመሩት፣ ከውስጥ በኩል ዋሻ ተከፍቶ ጡንቻው በኢንዶስኮፕ የሚቆረጥበት ፖኤም የተባለው ዘዴ ነው። ይህኛው ያለ ሙሉ ሰመመንና ያለ ትንፋሽ ቱቦ አይደረግም። በሥራው ላይ የሚነፋው ጋዝ በተቆረጠው ጡንቻ በኩል አልፎ ወደ ደረት መሐል፣ ወደ ሆድ ዕቃ ወይም ወደ ቆዳ ሥር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ በደም የሚመጠጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ተራ አየር አይነፋም። የሰመመን ባለሙያው የታካሚው ሆድ መነፋቱን፣ ማሽኑ አየር ለማስገባት የሚጠቀምበት ግፊት መጨመሩንና አንገት ላይ በቆዳ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር መኖሩን በየጊዜው ይፈትሻል፤ በሆድ ውስጥ የታጎረው ጋዝ ትንፋሽንና ደም ዝውውርን ሲያውክ በመርፌ እንዲወጣ ይደረጋል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ታካሚ ለዚህ ዘዴ ሲዘጋጅ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የምትነፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው?» የሚል ነው።

ከምግብ ቧንቧው የሚደማ ሰው ሌላው የማያሻማ ምሳሌ ነው። በጉበት በኩል የሚያልፈው ደም ሲታገድ በምግብ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ሲፈነዱም ደም ያስመልሳሉ። የሚታከሙትም በኢንዶስኮፕ በጎማ ቀለበት በማሰር ነው። ደሙ አሁንም እየመጣ ከሆነ፣ ወይም ታካሚው ግራ ተጋብቶ ከሆነ፣ ማሰሩ ከመጀመሩ በፊት የትንፋሽ ቱቦ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ፈሳሽና ደም መሰጠት አለበት፤ ብዙ ደም የፈሰሰበትን ሰው ሳይደግፉ ማስተኛት የቀረውን የደም ግፊት ይጥለዋል። ኢንዶስኮፒው ከመጀመሩ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት በፊት በደም ሥር የሚሰጥ 250 ሚሊግራም ኤሪትሮማይሲን ጨጓራውን ባዶ ለማድረግ ይረዳል። ደሙ ቆሞ፣ በቀጠሮ ቀለበት ለማሳሰር ለመጣ ሰው ደግሞ ርጭትና ትንሽ ማረጋጊያ ሊበቃው ይችላል። በዚህ ላይ የሕመሙ መነሻ ልዩነት ያመጣል። በቆላው ወንዝ ዳር በሚገኘው ቢልሃርዚያ ምክንያት የመጣ ከሆነ ጉበቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ሥራውን ይሠራል፤ መድኃኒቱንም ያስወግዳል። በአልኮል ወይም በጉበት ቫይረስ የጠጠረ ጉበት ግን ሚዳዞላምን በቶሎ አያስወግድም፤ ትንሿ መጠን ለረጅም ሰዓት ልታስተኛው፣ አእምሮውንም ልታደበዝዘው ትችላለች።

በሚያቃጥል ኬሚካል ወይም በሌላ ምክንያት የጠበበ ቧንቧን ማስፋት ከባድ ክርክር ያለበት ነው። እኔ የምመርጠው፣ ከጥበቱ በላይ የተጠራቀመ ነገር ከሌለና ታካሚው አዋቂ ከሆነ፣ ከፊል ሰመመንን ነው። ምክንያቱም ከባድ ሕመም የመቀደድ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የተኛ ሰው ግን ያን ሊናገር አይችልም። ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ከሆነ ደግሞ ከነቃ በኋላ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። በካንሰር የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ (ስቴንት) የሚገባለት ሰው ብዙ ጊዜ ከስቶ፣ ውኃ ጠምቶት፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ነው የሚመጣው። ምራቅ የሚተፋ ታካሚ በእኔ መዝገብ ሆዱ ሙሉ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ፈሳሽ ሳይሰጠው ፕሮፖፎል አይሰጠውም።

ሕፃናትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ሳንቲም የዋጠ ሕፃን በሙሉ ሰመመንና በትንፋሽ ቱቦ ይታከማል፤ የሕፃን የአየር ቧንቧ ለስላሳ ስለሆነ ኢንዶስኮፑ ከኋላ ተጭኖ ሊያጠበው ይችላልና። የተዋጠው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነና በምግብ ቧንቧው ውስጥ ከቀረ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ግድግዳውን ማቃጠል ስለሚጀምር ጾሙ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ በቤትም እንዲያስመልስ አይደረግም። አጥንት ወይም ትልቅ ጉራጅ ሥጋ የተሰነቀረበት አዋቂ፣ ለምሳሌ በፋሲካ ማግስት የሚመጣው፣ ከቁራጩ በላይ ምራቅና ምግብ ስለሚጠራቀምበት ከሕፃኑ ጋር አንድ ወገን ነው።

ጾም ማለት ምን ማለት እንደሆነ

በእኛ አካባቢ «ጹም» የሚለው ትእዛዝ ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ጧት ተነሥቶ ጠበል ጠጥቶ ይመጣል፤ ጠበል ጾም አይገድልምና ሲጠየቅ «ምንም አልቀመስኩም» ይላል፣ አልዋሸምም። ለሰመመን ግን ጠበልም ውኃ ነው። ጥቂት ጠበል 2 ሰዓት ካለፈው አያስቸግርም፤ ለማስመለስ ተብሎ በብዛት የሚጠጣው ግን ሰዓቱና መጠኑ ለባለሙያው ካልተነገረ አደጋ አለው። የሕክምናውን ቀን አስቀድሞ ለንስሐ አባት ነግሮ ጠበሉን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ማድረግ ይቻላል። ንጹሕ ፈሳሽ የሚባለው ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይና ቡና ነው። በሶ ብጥብጥ፣ አጥሚት፣ ጠላና ወተት ምንም ቢቀጥኑ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ፤ 6 ሰዓት ይፈልጋሉ። ጧት 3 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያለው ሰው ቅባት የበዛበት ወጥ የበላው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት መሆን አለበት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እራቱን ቢጨርስ የበለጠ ይመረጣል።

ወደ ቤት መመለስ

ርጭት ብቻ የተሰጠው ሰው ብቻውን መጥቶ ብቻውን መመለስ ይችላል፤ አስታማሚ ለማግኘት ለሚቸገር የገጠር ታካሚ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌሎቹ ሦስቱ ግን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ባጃጅ መንዳት፣ በበቅሎ ገደል ለገደል መሄድ፣ ውል መፈረምና አልኮል መጠጣት ክልክል ሲሆን፣ አብሮ የሚያድር ሰውም ያስፈልጋል። የከፍታ ጉዳይ እዚህም ይመለሳል። የምግብ ቧንቧው ተለጥጦለት ወይም ፖኤም ተደርጎለት ወደ መንዝ የሚመለስ ሰው በጣርማ በር በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በደረቱ ውስጥ ያልታወቀ አየር ታጉሮ ከሆነ ግፊቱ ሲቀንስ ይሰፋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ከመጓዝ ይልቅ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ማደሩን እመክራለሁ፤ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድም ቢሆን መጀመሪያ ያንኑ ከፍታ ስለሚያልፍ ከዚህ ምክር ነፃ አይደለም።

ከመፈረም በፊት ለባለሙያው የሚቀርቡት ጥያቄዎች ብዙ መሆን የለባቸውም። ሌላ ሥራ ሳይኖረው ሰመመኑን ብቻ የሚከታተል ሰው አለ ወይ? የትንፋሽ ቱቦና መምጠጫ ማሽን በክፍሉ ውስጥ አለ ወይ? መብራት ቢጠፋ ኦክስጅኑና መምጠጫው ይሠራሉ ወይ? ማርከሻዎቹስ አሉ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነና ታካሚው ከርጭት ያለፈ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ድንገተኛ እስካልሆነ ድረስ ሪፈር መጠየቅ ተገቢ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚታከም ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ ወደ ላይኛው ሆስፒታል እንዳይሄድ፣ በወረቀቱም ላይ ቀደም ሲል የተሰጠው ሰመመን ዓይነትና የገጠመው ችግር እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ባሉት ቀናት የደረት ወይም የጀርባ ከባድ ሕመም፣ አንገት ላይ ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ጥቁር ዓይነ ምድር ወይም ደም ማስመለስ ከታየ እስከ ነገ አይጠበቅም። ሳልና ትኩሳት ሕክምናው ከተደረገ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሲጀምር ብዙ ሰው ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ የገባ ነገር ራሱን የሚገልጸውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ታካሚው ለሚያየው የጤና ባለሙያ፣ ጤና ጣቢያም ቢሆን፣ ኢንዶስኮፒ የተደረገለት መቼ እንደሆነና በምን ዓይነት ሰመመን እንደሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት።